ከዌስትጌት እስከ ዱሲት፦ ጥቃትን ከመድረሱ በፊት መግታት ይቻላል?

የናይሮቢው ዌስትላንድስ በሆቴሎቹና በገበያ ማዕከላቱ የሚታወቅ ሰፈር ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ የጅምላ ግድያ ተፈጽሞበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 2013፣ አራት ታጣቂዎች ዌስትጌት የገበያ ማዕከልን ወረሩ፤ 67 ሰዎች ተገደሉ። ጥር 15 ቀን 2019 ደግሞ ዱሲት ዲ2 ሆቴል በሚገኝበት ግቢ 21 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ለሁለቱም ጥቃቶች ኃላፊነቱን የወሰደው አልሸባብ ነው።

ምን ተለወጠ?

በዌስትጌት ፖሊስና ጦሩ ያለ ቅንጅት በመሰማራታቸው እርስ በርስ እስከ መታኮስ ደርሰው ነበር፤ ከበባውም አራት ቀናት ፈጅቷል። በዱሲት ግን ልዩ ኃይሎች ፈጥነው በመድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስወጡ፤ ዘመቻው በማግስቱ ጠዋት ተጠናቀቀ። ፈጣን ምላሽ የሟቾችን ቁጥር ይቀንሳል፤ ጥቃቱን ግን አያስቀርም።

ቀድሞ የሚታይ ምልክት

በ2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከአጥቂዎቹ አንዱ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ ነበር። የአካባቢ ሹም የሆኑት አባቱ ልጃቸው መጥፋቱንና ወደ ሶማሊያ ሳይሄድ እንዳልቀረ መስጋታቸውን አስቀድመው ለባለሥልጣናት አመልክተው ነበር። ብዙውን ጊዜ የለውጡን ምልክት ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው፤ ጥያቄው ለማን ይንገር፣ የሰማውስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ኬንያ ከዌስትጌት በኋላ ጎረቤታሞች በአሥር በአሥር ቤት የሚደራጁበትን «ኙምባ ኩሚ» የተሰኘ መርሐ ግብር አስፋፋች። ከጋሪሳ ጥቃት በኋላ ከአልሸባብ ለሚመለሱ ወጣቶች ምሕረት አወጀች። በ2016 ይፋ የሆነው የጽንፈኝነት መከላከያ ብሔራዊ ስትራቴጂም ትምህርት ቤቶችን፣ የሃይማኖት ተቋማትንና የአካባቢ አስተዳደሮችን በሥራው ያሳትፋል።

መተማመን ሲጠፋ

እነዚህ እርምጃዎች የሚሠሩት ነዋሪው ፖሊስን ሲያምን ብቻ ነው። በ2014 በርካታ ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ኢስሊ ሰፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ ተይዘው፣ ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ታጉረው ነበር። የመብት ተሟጋቾች ዘመቻውን አጥብቀው ነቅፈዋል። ልጄን አሳልፌ እሰጣለሁ ብላ የምትፈራ እናት ያየችውን አትናገርም። በተቃራኒው ጥቆማዋ ለልጇ ምክርና የመመለሻ መንገድ እንደሚያስገኝ የምታውቅ እናት፣ ከማንኛውም የፍተሻ ኬላ ቀድማ አደጋውን ልታሳውቅ ትችላለች።