ኮሶና እርድ፤ ስለ መድኃኒት መጠንና ስለ ዓይን

ከየካ ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲመለከቱት የእንጦጦ ሰንሰለት ዛሬ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ የለበሰ ነው። ባሕር ዛፍ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የገባ እንግዳ ተክል ነው። ከእርሱ አስቀድሞ በነበረው የደጋ ደን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይበቅሉ ነበር። ከእነዚህ መካከል በሕክምና ታሪክ ልዩ ስፍራ ያለው ኮሶ ነው።

ጥሬ ሥጋ መብላት በተለመደበት አገር ኮሶ መጠጣት የቤት ሥርዓት ነበር። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ፊቱን ያጨማደደ ሰው እስከ ዛሬ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» መባሉ ምሬቱ ምን ያህል እንደነበረ ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞችም የኮሶ ትል ማስወጫ አድርገው በመድኃኒት መዝገባቸው አስገብተውታል። መድኃኒትነቱ እውነተኛ ነው፤ መጠኑ ግን በእፍኝና በልማድ የሚለካ ነበር። የአበባው ኃይል እንደ አዘገጃጀቱና እንደ ቆይታው ስለሚለያይ፣ አንዱን ያሻረው እፍኝ ሌላውን ሊመርዝ ይችል ነበር።

ለሆድ የተጠጣው ለዓይን መትረፉ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እጅግ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮኮስ የተባሉ ጸሐፊ በኮሶ መመረዝ ሳቢያ በዓይን ላይ ስለሚደርስ ጉዳት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ በጫጩቶች ላይ የተደረገ ምርመራ የኮሶ ንጥር የማየት ችሎታን እንደሚቀንስና ሬቲናን፣ ማለት ብርሃን ተቀባዩን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ እንደሚጎዳ አሳየ። ትውልድ የመሰከረለት መድኃኒት እንዲህ ያለ ገመና ይዞ መኖሩ ሊያስደንቅ አይገባም። ትሉ መውጣቱን ሁሉም ያያል፤ ዓይኑ የደከመውን ሰው ግን ከኮሶው ጋር የሚያያይዘው አልነበረም።

ይህ የቆየ ነገር ዛሬ መነሣቱ ስለ እርድ ነው። በሾላ ገበያ በየመደብሩ ተከምሮ የሚሸጠው፣ የአልጫ ወጥ ማቅለሚያ የሆነው እርድ፣ የስኳር በሽታ ዓይንን እንዳያጠፋ ይከላከላል የሚል ተስፋ ተጥሎበታል። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ከእርድ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1815 ሲሆን፣ የኬሚካል ቅንብሩን ሚሎቤንድስካ፣ ኮስታኔትስኪና ላምፔ የተባሉ የፖላንድ ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ1910 ገለጹ። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውና ስሙ ከዓይን ሕክምና ጋር ተያይዞ የሚነሣው የምኒልክ ሆስፒታል የተቋቋመውም በዚያው ጊዜ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ለመገናኘት አንድ መቶ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

በደም ውስጥ የበዛ ስኳር የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያዳክማል፤ ሥሮቹም ያፈሳሉ፣ ይዘጋሉ። በኋላም አዳዲስ ግን ልፍስፍስ ሥሮች በቅለው ይደማሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 በታተሙ ጥናቶች ኩርኩሚን የተመገቡ የስኳር በሽተኛ አይጦች ሬቲና ከሌሎቹ ያነሰ ጉዳትና ያነሰ ብግነት ታይቶበታል። ተስፋው ከዚህ የመነጨ ስለሆነ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የሕንድ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ጋላክቶስ በተባለ የስኳር ዓይነት የዓይን ሞራ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ምግብ ውስጥ ከመቶ 0.002 እጅ ኩርኩሚን ሲጨመር ሞራው ዘገየ። መጠኑ ወደ 0.01 ከፍ ሲል ግን ሞራው በጥቂቱ ዘግይቶ ቢጀምርም ፈጥኖ በሰለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የስኳር በሽታ በያዛቸው አይጦች ላይ የተገኘው ውጤት የተሻለ ቢሆንም፣ ያ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አልተሻረም። የኮሶን ታሪክ ለሚያውቅ ሐኪም ነገሩ አዲስ አይደለም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ከእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚን ከመቶ 2 እስከ 5 እጅ ብቻ ነው፤ አንጀትም እምብዛም አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ አገር ለጤነኞች 2 ግራም ኩርኩሚን ቢሰጥ በደማቸው የተገኘው ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣው ፓይፐሪን 20 ሚሊግራም ሲታከልበት ግን ወደ ደም የሚደርሰው 20 እጥፍ አደገ። ያን 2 ግራም ከወጥ ለማግኘት 60 ግራም ያህል እርድ መብላት ያሻል፤ እንዲህ ያለውን አልጫ የሚቀምስ አይገኝም። በውጭ አገር በእንክብል የሚሸጠው የተጠናከረ ኩርኩሚን ደግሞ የጉበት ጉዳት ማስከተሉ በቅርብ ዓመታት በኢጣሊያና በአሜሪካ ተመዝግቧል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የአሜሪካና የካናዳ ታላቅ ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማን የደማቸውን ስኳር በጥብቅ ሲቆጣጠሩ የሬቲና ሕመም የመጀመሩ ዕድል ከመቶ 76 እጅ ቀንሷል። በሌዘር ጨረር መታከምም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዓይን እንደሚያተርፍ የተረጋገጠ ነው። በሰው ሬቲና ላይ ለኩርኩሚን እንዲህ ያለ ማስረጃ ገና አልቀረበለትም።

ከሾላ እርድ ሸምቶ የሚመለስ የስኳር ሕመምተኛ ከምኒልክ ሆስፒታል ብዙም አይርቅም። ሕመሙ ሲጀምር አይቆረቁርም፣ እይታንም አያደበዝዝም፤ የሚታየው የዓይን ብሌን በጠብታ ሰፍቶ ሬቲና ሲመረመር ነው።