ሽቅብ ዝላይ በሸክም

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር፣ ማለዳ ላይ አንድ ወጣት ሲዘል ቆሜ አየሁት። ጀርባው ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ አጥብቆ አስሯል፤ ውስጡ ውሃ የሞሉ ሦስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንዶች አሉ፤ 6 ኪሎ መሆኑ ነው። የጣቱን ጫፍ ጠመኔ ቀብቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ይነሣና አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ይነካል። ቦርሳውን አዝሎ የነካው ምልክት ሳያዝል ከነካው ዝቅ ብሏል። «ጋሼ፣ አቅሜ ቀነሰ እንዴ?» አለኝ።

አልቀነሰም። እሱ የሚሠራውን በጂም ያሉ ልጆች «ዌትድ ጃምፕ» ይሉታል። እኔ «የሸክም ዝላይ» ብንለው እወዳለሁ። «የጭነት ዝላይ» የሚሉም አይጠፉም፤ ነገር ግን ጭነት ለአህያና ለመኪና ሲሆን፣ ሰው በገዛ ጀርባው የሚይዘው ሸክም ነው። ዝላዩንም «ሽቅብ ዝላይ» ብንለው ይሻላል። «ከፍታ ዝላይ» ካልን አትሌቱ ተንደርድሮ ዘንግ የሚሻገርበት ውድድር ይመስለናል። የኛ ዝላይ ግን ከቆሙበት ተነሥቶ እዚያው ማረፍ ነው፤ የሐዋሳ ከተማ ተከላካይ የማዕዘን ምት በቴስታ ለማውጣት፣ የመረብ ኳስ ተጫዋች ኳስ ለማገድ የሚዘለው ዓይነት።

ምልክቱ ለምን ዝቅ አለ? ወጣቱ 60 ኪሎ ይመዝናል፣ ያለ ሸክም 40 ሳንቲሜትር ይዘላል እንበል። ሸብረክ ካለበት ተነሥቶ እግሩ ከመሬት እስኪለቅ ሰውነቱ ሌላ 40 ሳንቲሜትር ይጓዛል። እግሩ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ሳይለወጥ 6 ኪሎ ቢጨመርበት፣ ስሌቱ ወደ 33 ሳንቲሜትር ያወርደዋል። 7 ሳንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው። በተግባር ግን ጉድለቱ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ጡንቻ ቀስ ብሎ ሲያጥር የሚያወጣው ኃይል ይበልጣልና። ሸክሙ አነሣሡን ያዘገየዋል፣ መዘግየቱም እግሩ አጥብቆ እንዲገፋ ጊዜ ይሰጠዋል። የሥልጠናው ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሸክሙ ሲበዛ ግን ፍጥነቱ ጨርሶ ይሞታል፤ ልምምዱም ዝላይ መሆኑ ይቀርና ክብደት ማንሣት ይሆናል።

ጣሊያናዊው የስፖርት ተመራማሪ ካርሜሎ ቦስኮ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሸክምን ጥቅም በአትሌቶች ላይ ፈትኗል። ከሰውነታቸው ክብደት አንድ አሥረኛ በጥቂቱ የሚበልጥ ሸክም ያለበት ሰደርያ ለሦስት ሳምንት፣ ከጠዋት እስከ ማታ አስለበሳቸው። ሲያወልቁት ከቀድሞው ከፍ ብለው ዘለሉ፤ ከተዉት በኋላ ግን ጭማሪው እየከሰመ ሄደ።

ሸክም ዝላይን ሁልጊዜ ያሳጥራል ማለትም አይደለም። የጥንት ግሪኮች ርዝመት ሲዘሉ በሁለት እጃቸው «ሃልቴሬስ» የሚባሉ የድንጋይ ወይም የብረታ ብረት ክብደቶች ይይዙ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሚኔቲና አርዲጎ በ2002 (እ.ኤ.አ.) «ኔቸር» መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በየእጁ 3 ኪሎ የያዘ ሰው 3 ሜትር በሚሆን ዝላይ ላይ ቢያንስ 17 ሳንቲሜትር ይጨምራል። ምሥጢሩ ክንድ ከነክብደቱ መወዛወዙ ነው። ጀርባ ላይ የታሰረ ሃይላንድ ግን እንደ ክንድ አይወዛወዝም፤ ሰውነትን ወደ ታች ይጎትታል እንጂ።

ለወጣቱ አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኩት፦ ሸክሙ ከመነሻው ይልቅ ማረፊያው ላይ ይከብዳል። 66 ኪሎ ሆኖ ሲሚንቶ ላይ መውደቅ ጉልበት ይጎዳል፤ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ይሻላል፣ ሲያርፍም ጉልበቱን አጥፎ። ቦርሳው ውስጥ ያሉት ሃይላንዶች እየተንሸራተቱ ወገቡን ወዲያና ወዲህ ሲያንገላቱትም አይቻለሁ፤ አሸዋ ጠቅጥቆ ከሰውነቱ ጋር ቢያጣብቀው ይሻለዋል። እኔ ብሆን በአንድ ሃይላንድ፣ በ2 ኪሎ እጀምር ነበር።

ቦርሳውን አውልቆ ትንሽ አረፈ፤ ጣቱን እንደገና ጠመኔ ቀብቶ ዘለለ። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በጣቶቹ ለካና ደብተሩን አወጣ፤ በአንዱ ዓምድ «ሽቅብ»፣ በሌላው «በሸክም» ብሎ ጻፈ።