በዝናብ አገር ያረጀ ተሽከርካሪ፤ በኢሉባቦር የላንድሮቨር እድሳትና ማሻሻያ አጭር ታሪክ

የኢሉባቦር ምድር ለመንኰራኵር የተመቸ ምድር አይደለም። ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ስትሆን፣ ዝናቡም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት እምብዛም ፋታ አይሰጥም። በቡናው ጫካ ሥር ያለው ቀይ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሲረግጡት ይውጣል። በመቱ አጠገብ የሚያልፈው ሶርና እርሱ የሚገባበት ጌባ፣ ከእነርሱም ጋር ስማቸው በካርታ የማይገኝ ብዙ ጅረቶች መንገዱን በየጥቂቱ ይቈርጡታል። በእንዲህ ያለ ምድር አንድ ተሽከርካሪ አርባና ሃምሳ ዓመት ሲያገለግል ነገሩ የአጋጣሚ ሳይሆን የሙያ ውጤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሙያ ከየት እንደ መጣ፣ በጥቂት ገንዘብ ምን እንደ ሠራና ገደቡ የት ላይ እንደ ነበረ ማመልከት ነው።

ከአጋሰስ ወደ ሞተር

ሞተር ከመምጣቱ በፊት የአውራጃው ንግድ የተመሠረተው በበቅሎና በአህያ ጀርባ፣ በሰውም ትከሻ ላይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀዱ ወዲህ፣ ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ወንዝ የሚወርደው መንገድ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና መውጫ ሆነ። ይሁን እንጂ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ ሊደርሱ የሚችሉት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። በዚያው ወራት ደግሞ የየብሱ መንገድ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው መንገዱን ሲከፍት ምድሩ ይዘጋ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ አዲስ አበባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱን እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ለኢሉባቦር ግን የመኪና መንገድ ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ነገር ነበር። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው ወረራ ወደ ጅማና ወደ ነቀምቴ የሚወስዱ መንገዶችን ሠርተዋል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ በዓለም ባንክ ብድር ጭምር እየታገዘ፣ የተበላሸውን መጠገንና አዲሱን መቀጠል ጀመረ። ይሁንና ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ወረዳውና ወደ ቡናው ገበያ የሚያደርሰው ጐዳና ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ አልነበረም። የመስክ ተሽከርካሪ የተፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከእጥረት የተወለደ መኪና

ላንድሮቨር ለሕዝብ ዓይን የቀረበው በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 ነው። የሮቨር ኩባንያው መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ መነሻ ያደረገው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀውን የአሜሪካኖቹን ዊሊስ ጂፕ ነበር። በጊዜው በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበረ ቦዲው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ውድ የሆነ የላሜራ መጭመቂያ ላለመግዛት ሲባል ላሜራው ጠፍጣፋ ሆኖ በቀላል መሣሪያ እንዲታጠፍ ተደረገ። ሻንሲውም ከጠፍጣፋ ብረት እየተቈረጠ በሳጥን ቅርጽ ተበየደ።

ይህ ሁሉ የሆነው ፋብሪካው ብረትና ገንዘብ ስላጠረው ነው። ውጤቱ ግን ፋብሪካው ያላሰበውን ያህል ርቆ ሄደ፤ ይኸውም በእጥረት የተሠራ ነገር በእጥረት ሊጠገን መቻሉ ነው። በቀላል መሣሪያ የታጠፈ በመዶሻ ይቃናል፤ በብየዳ የተያያዘ በብየዳ ይቀጠላል፤ በብሎን የታሰረ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተገጠመለት 2286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር የእምቅታው መጠን 7 ለ1 ብቻ ስለነበረ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቤንዚን ይቀበል ነበር። ባትሪው ሲደክም በማኑዌላ ይነሣ ነበር። ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ባለ ቢጫ ራስ ዘንግ ወደ ታች ሲጫኑት የፊቱ ጎማ ከኋላው ጋር ይሠራል፤ ቀዩ ዘንግ ደግሞ መኪናውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ያወርዳል። ገበሬ ያልተማረ ሾፌር ሳይቀር ቢጫውንና ቀዩን ለይቶ ማወቅ አያቅተውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ቶዮታ ላንድክሩዘር «ኤፍ ጄ 40» በሞተርና በዘንግ ጥንካሬ ከላንድሮቨር ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ቦዲው የብረት በመሆኑ በእርጥብ አገር ዝገት ይበላዋል። ሁለቱ መኪኖች በየፊናቸው የሚጠይቁት የጥገና ዓይነትም በዚሁ ተለየ።

ከመንግሥት ግቢ ወደ ገበያ

ወደ ክፍለ ሀገሩ የመጡት የመስክ ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው የግል ሰው ንብረት አልነበሩም። የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች፣ ፖሊስ፣ የመንገድ ሥራና በ1950ዎቹ የተስፋፋው የወባ ማጥፊያ ሥራ ጂፕና ላንድሮቨር ይጠቀሙ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር ሲሰፍር፣ የእርዳታና የልማት ሥራው ሌላ የተሽከርካሪ ማዕበል አስከተለ። ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው መንሽን ፎር መንሽን ድርጅት በአካባቢው የሠራው ሥራ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። የመቱ ካርል ሆስፒታልም የመሥራቹን ስም ይዞ ይገኛል።

እነዚህ ተሽከርካሪዎች አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ በጨረታ ይሸጣሉ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ «ከአገልግሎት ውጭ» ያለውን መኪና ነጋዴው «የሚሠራ» ብሎ ይገዛዋል። እውነተኛው የእድሳት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ገዢው ኪሱ ውስን ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት የወደቁ መኪኖችን ገዝቶ አንድ የሚሄድ ያወጣል። ከአንዱ ሻንሲ፣ ከሌላው ሞተር፣ ከሦስተኛው ካምቢዮ ይወሰዳል። የጎደለው በአዲስ አበባ መርካቶ ከሱማሌ ተራ ይመጣል፤ ከዚያም የታጣው በቶርኖ ይቀረጻል። ተሠርቶ የወጣው መኪና ከኋላ አግዳሚ ወንበር ተዘርግቶለት ሰው ይጭናል፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ የቡና ጆንያ ይደረደርበታል።

የጋራዡ ቋንቋና የሥራው ቅደም ተከተል

የዚህ ሙያ መዝገብ በመጽሐፍ ሳይሆን በቃላቱ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጉርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ የሚባሉት ስሞች ሁሉ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። የእንግሊዙን መኪና በጣሊያንኛ ስም እየጠራ በአማርኛና በኦሮምኛ እየተነጋገረ የሚጠግን መካኒክ፣ ሙያው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ ሳያውቀው ይመሰክራል።

ኃይል ማግኘትም የታሪኩ አንድ ክፍል ነው። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የውሃ ኃይል ማመንጫ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀምሮ መቱንና አካባቢዋን ከማብራቱ በፊት፣ ከተሞቹ የሚተማመኑት በናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። የኤሌክትሪክ ብየዳና ቶርኖ ያለ አስተማማኝ መብራት ስለማይሠሩ፣ ከባድ ሥራ ሁሉ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላክ ነበር። ስለሆነም ሶር ቤትን ብቻ ሳይሆን ጋራዥንም ያበራ ወንዝ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር ትልቁ ጥበብ ቅደም ተከተልን ማወቅ ነው። ጥሩ መካኒክ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ሞተሩን ሳይሆን ሻንሲውን ነው። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አይታይበትም፤ ገዢውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጭቃና ውሃ ያጠራቅማል፣ ከውስጥ ወደ ውጭም ይበላል። በተለይ የኋለኛው አግዳሚ ብረት ቀድሞ ይሄዳል። መካኒኩ በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል፤ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ይታፈናል። የተበላው እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ ተቈርጦ ወጥቶ በአዲስ ይተካል እንጂ በላዩ ላይ ላሜራ አይለጠፍበትም። ከመቁረጡ በፊት ሻንሲው ተደግፎ ከማዕዘን ማዕዘን ይለካል። ይህ ካልተደረገ መኪናው በኋላ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ሥራው ሲያልቅ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ ውስጡም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ወጪው ትንሽ ሲሆን የሚጨምረው ዕድሜ ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ፍሬንና መሪ ነው። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች የፍሬን መስመር አንድ ብቻ በመሆኑ፣ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። በፍሬን ዘይት ፋንታ ውሃ መጨመር በቁልቁለት ሞትን መጋበዝ ነው። ከበሮው ሲግል ውሃው ይተናል፣ እንፋሎቱ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ድረስ ይወርዳል።

ሦስተኛው ባሌስትራ፣ አራተኛው ሞተር ነው። የተለበሰ ሲሊንደር 90.47 ሚሊ ሜትር ከነበረው ስፋቱ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፍቶ ተለቅ ያለ ፒስተን ይገባለታል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከመለወጥ ይህ ይረክሳል። ቀለም መጨረሻ ነው። ቀለምን ያስቀደመ እድሳት ለሽያጭ የተደረገ እንጂ ለመንገድ የተደረገ አይደለም።

ሊለወጥ የሚገባውና የማይገባው

ከእድሳት ባሻገር ማሻሻያ የሚባለው ሥራ ይመጣል። ከሁሉም የተለመደው የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ መግጠም ነው። ናፍጣ በሊትር ብዙ ያስኬዳል፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ጉልበት አለው፤ ስለዚህ ለዳገትና ለጭቃ ይስማማል። ሆኖም ሥራው ሞተርን በሻንሲ ላይ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት መካከሉ በትክክል ካልተቀረጸ ኩሽኔታውን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። የናፍጣ ሞተር ይከብዳል፤ የፊት ባሌስትራውም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። የፍሬን ማገዣ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ፣ ማገዣው የሚሠራው በቤንዚን ሞተር መሳቢያ ስለሆነና ናፍጣ ይህን ስለማይሰጥ፣ የራሱ የሆነ የአየር መሳቢያ ፖምፕ ያስፈልገዋል። ይህ ሲዘነጋ መኪናው ጉልበት አግኝቶ ፍሬኑን ያጣል።

ሁለተኛው ማሻሻያ ጭነት ለመጨመር የሚደረገው ነው። ከከባድ መኪና የተወሰደ ቅጠል በባሌስትራው ላይ ይጨመራል፤ የጣሪያው መጫኛ ይሰፋል። ባሌስትራው ግን መሸከም ስለቻለ የቀረው ሁሉ ቻለ ማለት አይደለም። የላንድሮቨር የኋላ ጎማ የውስጥ ዘንግ ቀድሞም ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሸክሙ ሲበዛ በጭቃ መካከል ይሰበራል። ጣሪያ ላይ የወጣ ሸክም ደግሞ የመኪናውን ሚዛን ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ በተንሸራታች ጥምዝ ላይ መገልበጥን ያቀርበዋል። ብልኀት ያለ ልክ ሲሄድ ወደ ጥፋት ይለወጣል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው።

በመሆኑም ከዚህ ልምድ የሚገኘው ዋና ትምህርት የሚከተለው ነው። አሮጌ ተሽከርካሪን በሕይወት የሚያኖረው የመለዋወጫው ብዛት ሳይሆን፣ ምን ሊለወጥ እንደሚችልና ምን ሊነካ እንደማይገባ የሚፈርድ አእምሮ ነው።

ዛሬ

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ አስፋልት ወደ መቱና ወደ ጎሬ ደርሷል። የላንድሮቨርን ቦታ ሚኒባስና የጭነት መኪና፣ በከተማ ውስጥም ባጃጅ ወስደውታል። የጥንቱ ላንድሮቨር ቀጥተኛ ወራሽ የነበረው ዲፌንደርም በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በጥር 2016 መሠራቱን አቁሟል። ሆኖም ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። በእጅ ያለውን አሮጌ ጠግኖ መኖር እንደ ገና ዋጋ ያለው ሙያ ሆኗል።

ሙያው ግን ተጽፎ አልተቀመጠም። በሻንሲ ድምፅ ብልሽት የሚለዩት መካኒኮች አርጅተዋል፤ ደቀ መዛሙርቶቻቸውም ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። ሞተሩ ሲለወጥ በሊብሬው ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ብቻ ነው፤ መጋጠሚያው እንዴት እንደ ተቀረጸ፣ ፍሬኑ ከአዲሱ ሞተር ጋር እንዴት እንደ ተስማማ የሚናገር ወረቀት የለም። በየጋራዡ ለሚሠራው ለውጥ ልኩን፣ የተወሰደበትን መኪናና የተገኘውን ውጤት የሚይዝ አንድ ቀላል ደብተር ቢኖር፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት፣ መርማሪው የሚፈርድበት መሠረት ይሆናል። ይህን ደብተር ማዘጋጀት ከሙያው ማኅበር አቅም በላይ አይደለም፤ ሊጽፉበት የሚገባቸው አዛውንት በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ግን ይመረጣል።