ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያዩት ቶኪዮ

ቶኪዮ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አበበ ቢቂላ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ማራቶኑን በድል የፈጸመባት ከተማ ናትና። ከዚያ 33 ዓመት አስቀድሞ ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክተኝነት ሄደው ጃፓንን አይተዋል፤ ሲመለሱም በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥታችንም ከሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳ እንደነበረ የታወቀ ነው።

ስለዚያ ሕገ መንግሥት ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ከተማይቱ ናት። ለመሆኑ ብላቴን ጌታ ያዩት ቶኪዮ የትኛው ነበር?

ከተማይቱ እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ኤዶ ትባል ነበር። መስከረም 1 ቀን 1923 እ.ኤ.አ.፣ ልክ የምሳ እሳት በየቤቱ በሚነድበት ሰዓት፣ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ቃጠሎው ተከትሎ ቶኪዮንና ዮኮሃማን አወደመ፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ኮሪያውያን የውኃ ጕድጓድ መረዙ የሚል ወሬ በመነዛቱም በሺህ የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተጨፈጨፉ። (ወሬ ሰው እንደሚገድል ለእኛ መንገር አያስፈልግም።) እንግዲህ መልእክተኞቻችን የደረሱት ከዚህ እልቂት ስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ የተቀበለቻቸውም ከዐመድ የተነሣች፣ ገና አዲስ የሆነች ከተማ ናት።

እንዴት ተነሣች? ጎቶ ሺምፔ የተባሉት ሚኒስትር ያቀረቡትን ሰፊ ዕቅድ ፓርላማው ገንዘብ የለም ብሎ ቆራርጦታል። የተረፈው ዋና ሥራ የመሬት ማስተካከያው ነበር፤ እያንዳንዱ ባለይዞታ ከመሬቱ እስከ ዐሥር በመቶ ያለ ካሣ ለመንገድና ለመናፈሻ ይለቃል፤ ከዚያ በላይ ከተወሰደበት ይከፈለዋል፤ የቀረው መሬት ቅርጹ ተስተካክሎ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ይመለስለታል። በመጀመሪያ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ዐሥር በመቶ በነጻ መስጠት ለማንም ቀላል አይደለም። ሆኖም ሰፈሩ አልተበተነም።

ዛሬ ቶኪዮ የሚሄድ ጎብኚ በአሳኩሳ የሴንሶጂን ቤተ መቅደስ ያያል፤ ዞር ብሎ በሱሚዳ ወንዝ ዳር ቢሄድ ደግሞ የዚያን ዘመን ሥራ ያገኛል፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የኪዮሱን ድልድይ፣ በፀደይ በቼሪ አበባ የሚሸፈነውን የሱሚዳን መናፈሻ። እኔን ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጠገብ የተሠሩት 52 ትናንሽ መናፈሻዎች ናቸው፤ ልጆች እንዲጫወቱባቸው፣ እሳት ሲነሣም ሰፈርተኛው እንዲሸሽባቸው የታሰቡ። ከተማይቱ በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦምብ እንደገና ነደደች፤ እንደገናም ተሠራች።

እኔ የምኖረው ነፋስ ስልክ ነው፤ ስሙ ራሱ ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ እንደ ተአምር ይታይ ከነበረበት ዘመን የተረፈ። እኛ አገር የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/67 የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ስለዚህ መንገድ ሲሰፋ ነዋሪው ዐሥር በመቶ ልስጥ ብሎ የሚደራደርበት መሬት የለውም፤ ወይ ይቀራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳን ያየ ይህን ያውቃል። መንገዱ ማማሩን አልክድም፤ በእግር ሄጄበታለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ብላቴን ጌታ ቢያዩት ያደንቁት ይሆናል። ግን የቀድሞው ሰፈርተኛ የት ሄደ ብለው መጠየቃቸው የሚቀር አይመስለኝም።

የእኛ ዕድር ድንኳኑም ወንበሩም አሁንም አለው። ባለፈው ወር ለቅሶ ስንጠራራ ግን ከሰፈር የተነሡት አባላት ከከተማው ዳርቻ ሦስት ታክሲ ቀይረው ነው የደረሱት፤ አንዳንዶቹም ቀብሩ ካለቀ በኋላ።