ወጌሻና ሐኪም፤ የአጥንት መካኒክ ታሪክ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮሶዬ የተወለደ ልጅ ገደልንና ወጌሻን ሳያውቅ አያድግም። እረኛ ይወድቃል፤ ክንዱ ይሰበራል፤ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻውም ስብራቱን በጣቱ ዳስሶ ያገኛል፤ ስቦ አጥንቱን ያጋጥማል፤ በሸምበቆ ደግፎም በጨርቅ ያስራል። ይህ ሥራ ሊቃውንት ባዮሜካኒክስ ከሚሉት፣ ማለት የሕያው አካልን ኃይልና እንቅስቃሴ በመካኒክ ሕግ ከሚመረምረው ትምህርት ጋር ዘመድ መሆኑን ስንቶቻችን አስበናል?

የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው ኢጣሊያዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ነው። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ መታተም የጀመረው እርሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1680 እ.ኤ.አ. ነው። ቦሬሊ ጡንቻ ከሚያነሣው ሸክም እጅግ የበለጠ ኃይል እንደሚያወጣ አስረዳ። ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው የእንጨቱን ረጅም ጫፍ ይይዛል፤ የክንዳችን ጡንቻ ግን የተያያዘው ከክርናችን 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ብቻ ርቆ ነው፤ ሸክሙን የያዘው መዳፍ ደግሞ 35 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ 1 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው በ7 ወይም በ8 ኪሎ ያህል ኃይል መሳብ አለበት። አጥንት ሲሰበር ስባሪዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ የሚወጡትም ይኸው ኃይል ስለሚስባቸው ነው። ወጌሻው ከማሰሩ በፊት መሳቡ እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

በአውሮፓም ቢሆን ወጌሻ ነበረ። በሊቨርፑል ይሠራ የነበረው ኢቫን ቶማስ ከዌልስ የወጌሾች ዘር ሲሆን፣ ሐኪሞች ደጋግመው ይከሱት ነበርና ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። ከነዚህም አንዱ ሂዩ ኦውን ቶማስ (1834–1891 እ.ኤ.አ.) እግርን ስቦ የሚያጸና የብረት መደገፊያ ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚስቱ ዘመድ ሮበርት ጆንስ ይህን መደገፊያ በጦር ሜዳ አስፋፋው፤ ጭናቸው ተሰብሮ ይሞቱ የነበሩ ወታደሮችም ቁጥር በብዙ ቀነሰ። የወጌሻ ልጅ ያባቱን እጅ ከትምህርት ጋር ቢያጋባ ይህን ያህል አደረገ!

በእኛ አገር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ፊዚዮቴራፒ ጭምር ያስተምራል። የወጌሻ ሥራ ግን አልቀረም፤ አደጋውም እንዲሁ። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ጠብቆ የታሰረ ጨርቅ ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ግፊቱ ደሙን ይዘጋል። ጡንቻም ደም ካጣ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ መሞት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ።

ታናሽ ወንድሜ ክንዱን በተሰበረ ዕለት ወጌሻው አስረውት ከሄዱ በኋላ ማታ ተመልሰው መጡ።

«ጣትህን አንቀሳቅስ እስቲ፣ ልጄ። ይበርድሃል?»

«ይበርደኛል፣ አባባ።»

ጥፍሩን ተጭነው ለቀቁና ደሙ ሲመለስ በኩራዝ አዩ፤ ዘገየባቸው። ምንም ሳይናገሩ ፈትተው አላልተው አሰሩት። በማግሥቱ እናቴ ወደ ጎንደር ይዛው ወረደች። በራጅ ሲታይ አጥንቱ በቦታው ነበረ።