ካሜራው አለ፣ ካርዱ የለም

ሰሞኑን የድሮ ዲጂታል ካሜራ ፋሽን ሆኗል። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ በብዙ እጥፍ የተሻለ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት፣ ያኔ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞት የመጣውን ኦሊምፐስ ወይም ሶኒ ከቁም ሣጥን እያወጣ አቧራውን ይጠርጋል። ባትሪ ይገዛል፣ ካሜራው ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን «ካርድ የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጣጣው ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ሰሜን ሸዋ ድረስ ሄደን ብናየው ዕድሜው ከመቶ ዓመት ይበልጣል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው። ዓ.ም. ካልን ግን የራሳችን ነው።)

በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ፍለጋ ወደ አንኮበር ሲወጣ፣ ፎቶግራፍ ፓሪስ ላይ ይፋ ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ሃሪስ ይዞ የመጣው በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው። የንጉሡ መልክ ለእኛ የደረሰን በእጅ በተሠራ ሥዕል የሆነው ለዚህ ነው። በ1876 ደግሞ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኪስ አንቲኖሪ መሪነት ሸዋ ገቡ። ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጧቸው፤ አንቲኖሪም በ1882 እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ። በ1879 ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ መጣ። ኢልግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመሐንዲስነቱና በኋላም በምኒልክ አማካሪነቱ ነው፤ ፎቶ አንሺም ነበር። ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።

ከሁሉም ግን የዛሬን ሰው የሚመስለን ባለቅኔው አርተር ራምቦ ነው። ሐረር ሆኖ በብዙ ወጪ ከሊዮን ካሜራ አስመጣ። በ1883 ራሱን አነሳና ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ላከ፤ ከደብዳቤው ጋርም ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ፎቶዎቹ ነጭተዋል የሚል ማመልከቻ ጨመረ። ካሜራው ምን ጎደለው? ምንም። የጎደለው የካሜራው ቀለብ ነው፤ መድኃኒቱ፣ ወረቀቱ፣ ንጹሕ ውሃው። በ1885 ካሜራውን ሸጠው። በ1887 ወደ አንኮበር የመጣው ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እንጂ ካሜራ ይዞ አልነበረም። (ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፤ «ፎቶግራፍ» ማለት ደግሞ በግሪክኛ በብርሃን መጻፍ ነው። ራምቦ ይህን ቢያውቅ ካሜራውን ባልሸጠ ነበር እንላለን።)

ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ፎቶ አንድ ደግ ነገር አለው። መስተዋት ላይ የቀረ ምስል ለማየት መስኮት ይበቃል። የፊልም ዘመንም እንዲሁ ነበር። ሠላሳ ስድስቱን አንስተን ፎቶ ቤት እናሳጥባለን፣ ነጋቲቩ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ግን አልበም ውስጥ ይኖራል። በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባለው የድሮ ፎቶዎች መጽሐፍ ሊዘጋጅ የቻለው ሰዎች ወረቀቱን ቤታቸው ስላስቀመጡት ነው።

ችግሩ የእኛ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ካሜራው ዲጂታል ሆነ። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሚሌኒየሙን ስናከብር፣ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል፣ ጥምቀቱና ሠርጉ ሁሉ የጥፍር ያህል ካርድ ላይ ገባ። ማን ያሳትመዋል? «በኋላ» ተባለ። የብዙ ቤት አልበም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። በስልክ የተነሳው እስኪጀምር ድረስ መሃሉ ባዶ ነው።

ካርዱ ደግሞ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሳንዲስክ በ1994 ኮምፓክት ፍላሽን አወጣ፣ ቶሺባ በ1995 ስማርት ሚዲያን። ሶኒ በ1998 የራሱን ሚሞሪ ስቲክ ይዞ መጣ። በ1999 ፓናሶኒክ፣ ሳንዲስክና ቶሺባ ተስማምተው ኤስዲን አስተዋወቁ። ይህ አልበቃ ብሎ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም በ2002 ኤክስዲን ጨመሩ። ሁሉም የራሱን በር ሠርቶ ቁልፉን ለብቻ ሸጠ፤ እኛ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ የመጣልንን ተቀበልን። ጦርነቱን ኤስዲ አሸነፈ፣ ኤክስዲና ስማርት ሚዲያ ሞቱ።

እንግዲህ ካሜራ ያገኛችሁ ሰዎች ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ። ኤስዲ ከሆነና ካሜራው ከ2006 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ሱቁ የሚሰጣችሁን 32 ጊጋ አትውሰዱ። ከ2 ጊጋ በላይ ያለው ኤስዲኤችሲ የሚባለው ደንብ የወጣው በ2006 ነውና የቀደመው ካሜራ አያውቀውም። የሚያስፈልጋችሁ 2 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ነው። የት ይገኛል? የድሮ ኖኪያችሁን ክፈቱ። ውስጡ ያለችው ማይክሮ ኤስዲ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ጊጋ ናት፤ በአዳፕተር ታገለግላለች። አዳፕተሩ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ግን ተአምር አይሠራም። 32ቱን ብትከቱበት ያው 32 ነው።

የሶኒ ሚሞሪ ስቲክ ፕሮ ዱኦም ቀላል ነው፣ ማይክሮ ኤስዲ የሚገባበት አዳፕተር አለው። ከ2003 በፊት የነበሩት ግን ፕሮን አያውቁም፤ የድሮው ስቲክ ደግሞ 128 ሜጋ ላይ ያበቃል። ኮምፓክት ፍላሽ እስካሁን ይሸጣል። በኤስዲ አዳፕተር እንሞክር ካላችሁ ውፍረቱን አስተውሉ፣ ብዙዎቹ ለቀጭኑ በር አይሆኑም። በግድ ከተገፋ ውስጥ ያሉት መርፌዎች ይታጠፋሉ።

ኤክስዲ ነው ራስ ምታቱ። ኦሊምፐስ ማይክሮ ኤስዲ የሚቀበል አዳፕተር ሠርቶ ነበር፣ የሚሠራው ግን ለዚያ በተዘጋጁት የራሱ ሞዴሎች ላይ ብቻ ነው። ፉጂ ላይ አይሠራም። ያገለገለ ካርድ ከመፈለግ በቀር መንገድ የለም፤ ያገለገለ ሲገኝ ደግሞ የሰው ፎቶ ሊኖርበት ይችላል። ካሜራው «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ አይሆንም በሉት። አቃጥሎ የሚያጠፋን ሰው አንወቅስም፣ ሳያይ የሚያጠፋን ግን እንወቅሳለን።

መፍጠን ያስፈልጋል። ፍላሽ ካርድ ምስሉን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ሲቆይ ቀስ እያለ ያፈሳል። ኤክስዲ የሚያነብ ካርድ ሪደር ካጣችሁ ካሜራው ራሱ በገመድ ኮምፒዩተር ላይ ይነበባል፤ ገመዱ ከጠፋ የካሜራውን ሞዴል ጽፋችሁ ፈልጉ፣ የስልክ ገመድ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ላይ የምትሞክሩ ከሆነ ባትሪውን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት፣ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይደክማል። ካርዱን አዲስ አበባ ላለ ሰው የምትልኩ ከሆነም ለብቻው አትላኩት፣ ከነካሜራው ከነገመዱ ላኩት። የተገኘውን ኮምፒዩተር ላይ ካወረዳችሁ በኋላ ጥቂቱን ፎቶ ቤት ወስዳችሁ ወረቀት ላይ አሳትሙ።