ምንጭ

ቃሉ «መነጨ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ፈለቀ ማለት ነው። ዛሬ «የዜና ምንጭ»፣ «የገቢ ምንጭ» እንላለን። መነሻው ግን ውሃ ነው፤ ሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይም ምንጭ ነው። ሕዝቡ ፀበል ብሎ ያከብረዋል፤ ውሃውም በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል።

ብዙዎቻችን ምንጭን የውሃ መፈጠሪያ አድርገን እናስበዋለን። አይደለም፤ ምንጭ ተሰውሮ የቆየ ዝናብ መውጫ በር ነው። ክረምት ጮቄ ተራራ ላይ ከሚዘንበው ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ከፊሉ ከአፈሩና ከቅጠሉ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል። የቀረው ይሰርጋል። ጥንት እሳተ ገሞራ ባነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በዝግታም ቁልቁል ይጓዛል። ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያግደው ወደ ጎን ሄዶ ገደሉ ሥር ይፈልቃል። ዝናብ በሌለበት በየካቲት ወንዝ የሚፈሰው በዚህ ስንቅ ነው።

ለመስረግ ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜውን የሚሰጡት ጓሳው፣ ጅብራውና ለስላሳው አፈር ናቸው። መሬቱ ሲራቆትና በከብት ሲረገጥ ዝናቡ ሳይገባ ያልፋል። በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው የጨሞጋ ወንዝ የበጋ ፍሰት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት መቀነሱ በጥናት ታይቷል። በእኔ አስተያየት ምንጭ ማጎልበት ስንል ቧንቧና ሲሚንቶ ብቻ ማሰባችን የቃሉን ግማሽ መርሳት ነው። እባካችሁ፣ የምንጩን ዓይን ስታጥሩ ከበላዩ ያለውን ዳገትም ከልቅ ግጦሽ ጠብቁ።